የጌም ሱስ የሚባለው የቱ ነው?

ልጁ ቅዳሜን ሙሉ ፕሌይስቴሽን ላይ ስለዋለ ብቻ «ሱሰኛ ሆነ» አትበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ የጌም ሱስ ተካቷል፤ መለኪያው ግን የሰዓት ብዛት አይደለም። ማቆም አቅቶታል ወይ? ጌሙ ከእንቅልፍና ከትምህርት ይቀድምበታል ወይ? ጉዳቱን እያየ ይቀጥላል ወይ? ይሄ ሁሉ ተደማምሮ ኑሮውን ያናጋና አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር የቆየ መሆን አለበት፤ በጣም ከከፋ ያን ያህል አይጠበቅም።

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» መዝገቡ እሱን አይመልስም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ዓይኑ ቀልቶ «አንድ ዙር ብቻ» የሚለውን ልጅ ስድብ አያድነውም። እሱም ቢሆን ድርሻ አለው፦ «አቃተኝ» ብሎ እርዳታ መጠየቅ፣ ሐኪም ጋ አብሮ መሄድ።