«ኤምባሲው ያስፈታኛል» እና ሌሎች ከጉዞ በፊት መታረም ያለባቸው እምነቶች

ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ወጣት ጉዞዋ ሲቃረብ ምክር ይዘንብባታል። ደላላው ይመክራል፣ ተመላሿ ጎረቤት ትመክራለች፣ ቤይሩት ያለችው አክስት በስልክ ትመክራለች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሕይወት የሚያድን ምክር አለ፤ እስር ቤት የሚያስገባም አለ። ሁለቱን መለየት የሚቻለው አገር ቤት እያሉ ነው። ስልኳን የተነጠቀችና ቋንቋውን የማታውቅ ልጅ እዚያ ደርሳ ሕግ ልታጣራ አትችልም። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ለመሄድ መክፈል ግድ ነው»

ደላላው የሚጠይቀውን ገንዘብ መክፈል ግድ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923፣ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 የተሻሻለው፣ ወጪውን ለይቶ አስቀምጧል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ሽፋን የአሠሪው ወጪዎች ናቸው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የመሳሰሉትን የራሷን ሰነዶች ነው። ኤጀንሲ «አገናኘሁሽ» ብሎ ከእርሷ ኪስ ገንዘብ መቀበል አይችልም።

በሬ ሸጦ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ልጁን የሚልክ ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ስንት መከራ በቀረ ነበር። ልጅቱን ክፉ አሠሪ ቤት የሚያቆያት ከበሩ ቁልፍ ይልቅ የአገር ቤቱ ዕዳ ነው። «ባዶ እጄን ምን ብዬ እመለሳለሁ?» እያለች ዱላውንም ስድቡንም ትችላለች።

ሕጋዊው መንገድ በወረዳ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ ሥልጠናውን ወስዶ፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል በመንግሥት በጸደቀ የሥራ ውል መሄድ ነው። ይህ ውል ከትኬቱ የበለጠ ዋጋ አለው። አሠሪው ውሉን ቢጥስ አዋጁ ኤጀንሲውንም ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ ያደርገዋል። ሪያድ የተቀመጠን አሠሪ ከደብረ ሲና ሆኖ መክሰስ ጭንቅ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ከፍቶ ለፈቃዱ የዋስትና ገንዘብ ያስያዘውን ኤጀንሲ ግን ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አቤት ማለትና መክሰስ ይቻላል። ለዚያ ግን ወረቀት ያስፈልጋል። አንድ የውሉ ቅጂ እናት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ፎቶ ተነሥቶ በሚታመን ዘመድ ስልክ ይግባ።

«ፍሪ ቪዛ አለኝ፤ የፈለግሁበት እሠራለሁ»

በሕግ እንዲህ የሚባል ቪዛ የለም። ደላላ የሚሸጠው በአንድ ስፖንሰር ስም የወጣን የሥራ ቪዛ ነው፤ ስፖንሰሩ ገንዘቡን ተቀብሎ «ሂጂና ሌላ ቦታ ሥሪ» ይላል። ፍተሻ ሲመጣ ግን ከተፈቀደላት አሠሪ ውጭ ስትሠራ የተገኘችው እርሷ ናት፤ የምትታሰረውና የምትባረረውም እርሷ ናት። በጉብኝት ቪዛ ዱባይ ገብቶ መሥራትም ያው ነው።

«ፓስፖርቴን አሠሪው የሚይዘው በሕግ ነው»

በልማድ ነው እንጂ በሕግ አይደለም። በሳዑዲ ዓረቢያም፣ በኩዌትም፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ የተከለከለ ነው። ይሁንና ልማዱ ሕጉን ሲያሸንፍ እናያለን፤ ማዳም «አምጪ» ስትል እንቢ ማለት ለአዲስ ገቢ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥንቃቄው እዚህ ይጀመር፦ የፓስፖርቱ ቁጥር በቃል ይጠና፤ ፎቶው ያለበት ገጽና የቪዛው ገጽ ቅጂ ቤተሰብ ዘንድ ይቅር። ፓስፖርቱ ቢጠፋ ወይም ቢቀማ ወደ አገር የሚመልስ ሊሴ ፓሴ የሚሰጠው የራሳችን ኤምባሲ ነው፤ ቅጂው ሲኖር ደግሞ ማንነትን ማረጋገጡ ይፈጥናል።

«የቤት ሠራተኛ ሕግ አያውቃትም»

ይህ እምነት ብዙ ጉልበት በልቷል። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 68 የቤት ሠራተኛ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ ሳምንታዊ ዕረፍትና የዓመት ፈቃድ ከነክፍያው እንዲሰጣት፣ ሥራ ስታቆምም የአገልግሎት ክፍያ እንድታገኝ ደንግጋለች። ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 9 በቀን የ12 ሰዓት ዕረፍት አዝዛለች፤ ከእርሱም ቢያንስ ስምንቱ ያልተቋረጠ መሆን አለበት። የሳምንት አንድ ቀን ዕረፍትና በዓመት የ30 ቀን ፈቃድም አለ። ሳዑዲ ዓረቢያም ለቤት ሠራተኞች የተለየ ደንብ አላት፤ ሳምንታዊ ዕረፍት በዚያም ተጽፏል።

የሊባኖስ ነገር ግን ልብ ይሰብራል። የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ አውጥቷታል። ስለዚህ ቤይሩት የምትሄድ ልጅ በደመወዝና በዕረፍት ጉዳይ ዋና መከራከሪያዋ የፈረመችው ውል ነው። ውሉን ሳታነብ የፈረመች እንደሆነ ምን ይዛ ትከራከራለች? ሳይነበብላት ማንም እንድትፈርም አያስገድዳት፤ ማንበብ ካልቻለች ቀበሌው ውስጥ የሚያነብ ሰው ይፈለግላት።

ሕግ መኖሩ በራሱ ደመወዝ እንደማያስከፍል አውቃለሁ። ማስረጃ ግን ያስከፍላል። ደመወዝ በእጅ ከመቀበል በባንክ ቢገባ ይሻላል። ይህ ካልሆነ የተከፈለበትና ያልተከፈለበት ወር በትንሽ ደብተር ይመዝገብ።

«ከቤቱ ከጠፋሁ ነጻ ነኝ»

አሠሪው ለመንግሥት «ጠፍታብኛለች» ብሎ የሚያስመዘግበውን ሳዑዲዎች «ሁሩብ» ይሉታል። ይህ ከተመዘገበ የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማ ዋጋ ያጣል። መንገድ ላይ ብትያዝ እስርና መባረር ይጠብቃታል፤ ያልተከፈላትን ደመወዝ ለመጠየቅም እጅግ ትቸገራለች።

ከድብደባ፣ ከመደፈር ሙከራ ወይም ከረኃብ ማምለጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነፍስ ከኢቃማ ትበልጣለች። ልዩነት የሚያመጣው ወጥታ የምትሄድበት ቦታ ነው። ያላወቀችው ሰው «ላስጠጋሽ» ሲላት የሄደች ብዙ ጊዜ ከአንድ አፋኝ ወደ ሌላ ትሸጋገራለች። ቀጥታ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ኤምባሲና ቆንስላ ብትሄድ ግን ቀድማ ያመለከተችው እርሷ ትሆናለች። የእኛ ኤምባሲ በሪያድ፣ በአቡዳቢና በኩዌት አለ፤ ቆንስላ ደግሞ በጂዳ፣ በዱባይና በቤይሩት ይገኛል። የፖሊስ ቁጥሩ በኤምሬቶች 999፣ በኩዌትና በሊባኖስ 112፣ በሪያድና በጂዳ 911 ነው። እነዚህ በቃል ይጠኑ፤ ስልክ ላይ የተመዘገበ ቁጥር ከስልኩ ጋር ይነጠቃል። አንድ ነገር ደግሞ እለምናለሁ፦ በበረንዳ አንሶላ ቀጥሎ መውረድ ፈጽሞ አይታሰብ። እህቶቻችን ሞተውበታል፤ የተረፉትም ወገባቸው ተሰብሯል። በሩ ከተቆለፈ በመስኮት ጮኾ ጎረቤት መጥራት ይሻላል።

«ብታሰር ኤምባሲው ያስፈታኛል»

አያስፈታም፤ ሥልጣኑም የለውም። የትኛውም ኤምባሲ የሌላን አገር ፍርድ ቤት ሊያዝዝ፣ ዕዳ ሊከፍል ወይም ጠበቃ ሆኖ ሊቆም አይችልም። ማድረግ የሚችለው እስረኛን መጎብኘት፣ ለቤተሰብ ማሳወቅ፣ ጠበቃ እንዲገኝ መርዳትና ክርክሩን መከታተል ነው። ይህን የሚፈቅደው እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት 36ኛ አንቀጽ ነው። አንቀጹ፣ ሰውን ያሰረው ፖሊስ ለታሳሪው መብቱን እንዲነግረውና ታሳሪው ሲጠይቅ ሳይዘገይ ለቆንስላው እንዲያሳውቅ ያዛል።

እንግዲህ መጠየቅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ዝም ካለች የት እንዳለች ማንም ላያውቅ ይችላል። በዓረብኛ ኤምባሲ «ሲፋራ» ነው፤ ይህን አንድ ቃል መድገም ብቻ ብዙ ይሠራል። አስተርጓሚ ሳይመጣ፣ የተጻፈውን ሳይረዱ ወረቀት ላይ አሻራ ማኖር ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ከተፈረመ በኋላ «አልገባኝም ነበር» ማለት ብዙ ጊዜ አይሰማም።

«እኛ ዘንድ የተፈቀደ እዚያ ምን ያደርጋል?»

ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ በግልጽ የሚሸጠው ጫት በሳዑዲ፣ በኤምሬቶችና በኩዌት አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። «ለልጄ አድርሽልኝ» ተብሎ የተሰጠ ጥቅል ውስጥ የተገኘ ሁሉ ሻንጣውን የያዘውን ሰው ያስጠይቃል። በሰው ዕቃ የታሰሩ አሉና ፈትሸው ያላዩትን ነገር አይያዙ፤ የሚቀየም ዘመድ ቢኖር ይቀየም። አረቄም በኩዌት ጨርሶ የተከለከለ ነው፤ በሳዑዲም መያዝና መጥመቅ ያሳስራል። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች በኤምሬቶች ያለ ፈቃድ አይገቡም።

ከሁሉም ይልቅ የማይታሰበው ክታብ ነው። እናት ለልጇ ከክፉ ዓይን እንዲጠብቃት ብላ በአንገቷ የምታስርላት ጥቅል ብራና የእናት ፍቅር ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ግን ጥንቆላ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ክስ ነው፤ በዚሁ ክስ በሞት የተቀጡ ሰዎችም አሉ። የማይነበብ ጽሑፍና ሥዕል ያለበት ጥቅል በሠራተኛ ዕቃ ውስጥ ሲገኝ አሠሪዋ ስለ እናቷ ፍቅር አይጠይቅም። ክታቡ እቤት ይቅር፤ ጸሎቱ በልብ ይሂድ።

«በደሉን ቀርጬ ብለጥፈው ዓለም ይፈርድልኛል»

የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ ሰውን በስልክ ካሜራ ቀርጾ ገመናውን መድፈርንና ስም ማጥፋትን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ያስቀጣበታል። ኤምሬቶችም ተመሳሳይ ሕግ አላት። የቁስል ፎቶና የድምፅ መልእክት ይቀመጥ፣ ለኤምባሲና ለፖሊስ ይቅረብ፤ ቲክቶክ ላይ ግን አይለጠፍ።

«በየመን በኩል የገባ ሰው መብት የለውም»

በጅቡቲ ኦቦክ ተሻግሮ በየመን የሄደ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ የለውም፤ ይህ እውነት ነው። በመንገድ የታገተ፣ የተደፈረ፣ ቤተሰቡ ማስለቀቂያ የተጠየቀበት ግን ወንጀል ተፈጽሞበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 የሚቀጣው በሰው የሚነግደውን ነጋዴና አሻጋሪውን ነው፤ ተጎጂው «ፈቅጄ ነው የሄድሁት» ማለቱም ነጋዴውን ነጻ አያወጣውም። ስለዚህ አጣዬ ላይ ገንዘብ የተቀበለውን ደላላ ቤተሰብ ለፖሊስ ሲጠቁም «ልጄን አሳስራለሁ» ብሎ መፍራት የለበትም።

«ለወንድሜ በላክሁት ብር የተሠራው ቤት የእኔ ነው»

ብዙ ዓመት ሰው ቤት ተላልካ ስትመለስ ደብረ ብርሃን ላይ የተሠራው ቤት በወንድም ወይም በባል ስም ሆኖ ያገኘችውን ሴት ጉዳይ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ስህተት አያቃልለውም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የይዞታ ምስክር ወረቀት የወጣለት ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል፤ ገንዘቡ ከሌላ መጥቷል የሚል ወገን ማስረዳት አለበት። የሐዋላ ደረሰኝ ያላስቀመጠች በምን ታስረዳለች? ገንዘቡ በራሷ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ቦታና ቤት ሲገዛም ውሉ በስሟ ተጽፎ ይረጋገጥ። ለዚህ መምጣት አያስፈልጋትም፤ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና መስጠት ትችላለች።

ውክልናው ላይ ግን ዓይኗን ትክፈት። አጠቃላይ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አያበቃም፤ ሕጉ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። በተለመደው ቅጽ ላይ «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚለው ሐረግ ከገባ ግን መሸጫውን ራሷ ሰጥታዋለች። እንዲገዛላት ብቻ ከፈለገች «እንዲገዛልኝና በስሜ እንዲያስመዘግብ» ተብሎ ይጻፍ። ሐሳቧን ከቀየረች ውክልናውን በፈለገች ጊዜ መሻር መብቷ ነው። መሻሪያውም በዚያው ቆንስላ ተጽፎ ለወንድሟ፣ ለባንኩና ቤቱ ለተመዘገበበት ከተማ አስተዳደር ወዲያው ይድረስ።