ሱሉልታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፦ ስለ ቤት ቢራ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ከወር በፊት ከለገጣፎ አንድ ልጅ ሁለት ጠርሙስ ይዞ ቤቴ መጣ። ዘመዱ ከውጭ ባመጣለት ሞልት ኤክስትራክት (ከብቅል ወጥቶ የተጠናከረ ስኳር) ፔል ኤል የሚባለውን ነጣ ያለ፣ መረር የሚል ቢራ ጠምቋል። «ጋሼ፣ ሪሲፒውን እንዳለ ነው የሰራሁት፤ ግን ጣፈጠብኝ» አለኝ። ቀመስኩት። ንጹህ ነው፣ አረፋውም ያምራል። ምሬቱ ግን የለም።

ይህን ቅሬታ ከሰንዳፋም ሰምቼዋለሁ፣ ከቡራዩም፣ ከኮዬ ፈጬም። ሁሉም የሚጀምሩት በዚያችው ቃል ነው፦ «እንዳለ ነው የሰራሁት»። እኔ ደግሞ ብዙ ዓመት ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ የሰራሁ ሰው ነኝ። ይህቺን ቃል ስሰማ ትዕግስቴ ያልቃል። ጥፋቱ እኮ «እንዳለ» መሰራቱ ነው።

ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ቀለል ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«ኤክስትራክት ሽሮፕ ነው፣ እውነተኛ ቢራ አይወጣውም።» ኤክስትራክት ብቅል ነው። ፋብሪካው ብቅሉን ፈጭቶ፣ በሙቅ ውሃ ስኳሩን አውጥቶ፣ አጥልሎ፣ ውሃውን አትንኖ ይሸጥልሃል። የተፈጨ በርበሬ ገዝታ ወጥ የሰራችን ሴት ወጥ አልሰራሽም የሚላት የለም።

«የጉልት ብቅልም ያው ነው።» ያው አይደለም። የጉልት ብቅል እህል ነው። ተፈጭቶ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ካልቆየ ስታርቹ ወደ ስኳር አይለወጥም። እሱን በኤክስትራክት ቦታ ድስት ውስጥ ጨምሮ የሚያፈላ ሰው አጥሚት ነው የሚያገኘው።

«ፔል ማለት ቀጭን፣ ደካማ ማለት ነው።» ስሙ ስለ ቀለም ነው። እንግሊዞች ብቅልን በእንጨት እሳት ፋንታ በኮክ (ከድንጋይ ከሰል በሚሠራ ማገዶ) ማድረቅ ሲጀምሩ ነጣ ያለ ብቅል አገኙ። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው።

«ስኳር ሲጨመርበት ይጠነክራል።» አልኮሉ ይጨምራል፣ ቢራው ግን ይሳሳል። ብርታቱን ማስላት ከፈለግህ ሒሳቡ ቀላል ነው። ነጥብ የምለው ፈሳሹ ከውሃ የሚበልጥበትን ክብደት ነው፤ ውሃ 1.000 ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ኤክስትራክት በአንድ ሊትር 367 ነጥብ አካባቢ ይሰጣል። ለ10 ሊትር 1.3 ኪሎ ብታደርግ 477 ነጥብ ታገኛለህ። ለ10 ስታካፍለው ሃይድሮሜትሩ (የፈሳሽ ክብደት መለኪያው) 1.048 አካባቢ ያነባል። ፈሳሽ ኤክስትራክት ውሃ ስላለበት በአንድ ኪሎ 300 ነጥብ ገደማ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ያንኑ ብርታት ለማግኘት 1.6 ኪሎ ያስፈልግሃል። ደረቁንና ፈሳሹን በእኩል ኪሎ የሚቀያይሩ ሰዎች ቢራቸው ለምን እንደቀጠነ ሲጠይቁኝ መልሱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ልጁ ቢራ።

«ውሃ ከፈላ ፈላ ነው፤ 60 ደቂቃ ካሉ 60 ደቂቃ ነው።» እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባህር ጠረፍ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። አዲስ አበባ ውስጥ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኔ የምኖርበት ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። ድስቱ እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሬን ስከትበት 91 ላይ ይቆማል። እሳቱን ብታነደው እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ቁጥሩ አይነቃነቅም። እናቶቻችን ይህን በባቄላ ያውቁታል። አዳማ ያለች እህቴ እኔ ቤት ንፍሮ ስትቀቅል ሁልጊዜ «የእናንተ እሳት ምን ሆኗል?» ትላለች። እሳቱ ምንም አልሆነም።

ይህ ለቢራ ምሬትና ሽታ ከሚሰጠው አበባ፣ ከሆፕ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሆፕ ውስጥ አልፋ አሲድ የሚባል ነገር አለ። እንዳለ በደንብ አይሟሟም፣ አይመርም። ሙቀት ቅርጹን ሲለውጠው ነው ሟሚና መራራ የሚሆነው። ይህ ለውጥ ለሙቀት በጣም ስሱ ነው። ከ100 ወደ 92 ዲግሪ ሲወርድ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እኛ ጋ 60 ደቂቃ የፈላ ሆፕ ሥራው የግማሽ ሰዓት ያህል ነው ማለት ነው። ዋናው ምሬት የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሆነ ግማሹን ሙሉ አታጣም፤ ሩብ ያህሉን ግን ታጣለህ። ልጁ የያዘው ሪሲፒ ምሬቱ 35 አይቢዩ ነው ይላል፤ አይቢዩ የቢራ ምሬት መለኪያ ነው። በእኔ ስሌት ለገጣፎ ላይ 25 ገደማ ነው የሚወጣው። ለአሜሪካ ዓይነት ፔል ኤል ደግሞ 30 ዝቅተኛው ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ወይ 90 ደቂቃ ማፍላት፣ ወይ መጀመሪያ የሚገባውን ሆፕ በሲሶ መጨመር። እኔ ጋዝ መቆጠብ ስለምፈልግ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። 20 ግራም የሚለውን 27 አደርገዋለሁ። ልብ በሉ፣ የሚጨመረው የመጀመሪያው ብቻ ነው! መጨረሻ ላይ የሚገባው ሆፕ ለሽታ ነው፤ ከፍታው ብዙ አይጎዳውም። አንድ የቡራዩ ወዳጄ ይህን ነግሬው ሁሉንም በእጥፍ አደረገው። ቢራው ሣር ሣር አለ።

«ታዲያ በፕሬዠር ኩከር ላፍላው?» የሚሉኝም አሉ። በፍጹም! የሆፕ ቅጠልና የብቅል አረፋ ትንፋሽ ማውጫውን ይደፍነዋል። ከዚያ የሚፈነዳው ማዕድ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ክፍት ድስት፣ አጠገቡ የቆመ ሰው። በቃ።

ኤክስትራክቱን ስትጨምሩ ደግሞ ድስቱን ከእሳት አውርዱ። ታች ተኝቶ ሲያር ሽታው ከቢራው አይወጣም። ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው ብትጨምሩ ቀለሙም አይጠቁርም።

«ሆፕ ከሌለ ጌሾ ይተካዋል።» ጌሾን አክብሬ ነው የምናገረው። እናቴ ጠላ ጠማቂ ነበረች፤ ጌሾ ስትወቅጥ ነው ያደግሁት። ጌሾ ግን አልፋ አሲድ የለውም። ምሬቱ ሌላ ነው፣ ሽታውም ሌላ ነው። በጌሾ የምትሰሩት ጥሩ መጠጥ ሊሆን ይችላል፤ ፔል ኤል ግን አይሆንም። ካስኬድ የሚባለው ሆፕ ያለውን የሎሚና የአበባ ሽታ ከጌሾ የምትጠብቁ ከሆነ ሁለቱንም ነው የምትበድሉት።

«ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ከታጠነ በቂ ነው።» ለጠላ ጭሱ የጣዕሙ አካል ነው፣ ለፔል ኤል ግን ሽታውን ይቀብረዋል። ዘይት የነበረበት ጀሪካንም አይሆንም፤ የዘይት ቅሪት አረፋውን ይገድለዋል።

«የዳቦ እርሾም እርሾ ነው።» ስኳሩን ይበላዋል፣ እውነት ነው። ግን በደንብ አይዘቅጥም፤ ቢራው ደፍርሶ ዳቦ ዳቦ ይላል። አንድ ፓኬት የኤል እርሾ 11 ግራም ገደማ ነው። ለ10 ሊትር ግማሹ ይበቃል። ፈሳሹ ከ20 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አትጨምሩት።

«ፍሪጅ ከሌለኝ ቢራ አልጠምቅም።» ፍሪጅ የሚያስፈልገው በብርድ የሚብላላው ቢራ፣ ላገር ነው። ኤል ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ይወዳል። የሱሉልታ ቤት ወለል ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ባልዲ ይህን በነጻ ያገኛል።

«አረፋ መንፋቱን ካቆመ ጨርሷል።» ይህ አደገኛ ነው። ብርድ ሲሆን እርሾው ይተኛል፣ ሳይጨርስ ዝም ይላል። አንድ ጎረቤቴ በአምስተኛው ቀን «ጸጥ ብሏል» ብሎ ጠርሙስ ውስጥ አስገባው። ሌሊት እኔ ቤት ድረስ ተሰማ። ጠዋት ስሄድ የጠርሙስ ስባሪ ሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ተሰክቶ አየሁ። ልጆቹ ሌላ ክፍል ስለነበሩ እግዚአብሔር ይመስገን። ሃይድሮሜትር ግዙ። በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ አንብቡ። ሁለቱም 1.012 አካባቢ እኩል ከሆኑ ጨርሷል። ከዚያ ለ10 ሊትር 65 ግራም ስኳር፣ በሚዛን ተለክቶ። በማንኪያ የሚገምት ሰው ጠርሙስ ባይነካ ይሻለዋል። ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ከሌለ የለስላሳ ፕላስቲክ ግፊቱን ይችላል። የውሃ ሃይላንድ አይችልም።

ለልጁ የጻፍኩለት ይህ ነው። ለ10 ሊትር 1.3 ኪሎ ነጣ ያለ ደረቅ ኤክስትራክት። 150 ግራም ክሪስታል ብቅል (ቀለምና ጣፋጭነት የሚሰጥ የተቆላ ብቅል) በሻሽ ታስሮ፣ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት። ካስኬድ 27 ግራም ለ60 ደቂቃ፣ 15 ግራም ለመጨረሻው 10 ደቂቃ፣ 20 ግራም እሳቱ ሲጠፋ። ካስኬዱ 6 በመቶ አልፋ ካለው ነው፤ ፓኬቱ ላይ 8 ካለ የመጀመሪያውን ወደ 20 ግራም አውርዱት።

ባለፈው እሁድ ጠምቆታል። ትናንት ደውሎ «ጋሼ፣ ዝም አለኝ፣ ልሙላው?» አለኝ። ቁጥሩን ጠየቅሁት። 1.021። ባልዲውን ከወለሉ አንስቶ ሞቅ ያለ ክፍል እንዲያስገባው ነገርኩት። ሐሙስ እንደገና ያነባል።