የቄሮ ስርዓት ምንድን ነው? የመንዝ ሰው ጓሳን እንዴት አቆየው?

አካባቢ ጥበቃ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ችግኝ ተከላ ነው። ችግኝ መትከል ደግ ነገር ነው። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ከጋራ ሀብት ላይ ማን ይወስዳል? መቼ? ምን ያህል? ደንብ የጣሰስ ምን ይደረጋል? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የተተከለ ችግኝ የፍየል ቀለብ ነው። ይህን ለማስረዳት ከሰሜን ሸዋው መንዝ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጓሳ ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ውርጫም ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጅብራ ይበቅልበታል፤ ጭላዳ በመንጋ ይግጥበታል። በዓለም ላይ ቁጥራቸው 500 የማይሞላው ቀይ ቀበሮዎች ከቀሯቸው ጥቂት መኖሪያዎችም አንዱ ነው። ከላዩ የሚነሱት ጅረቶች ገሚሱ ወደ ዓባይ፣ ገሚሱ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

ለመንዝ ሰው ግን ጓሳ ማለት ከሁሉ በፊት ሣሩ ነው። ረጅም፣ ጠንካራ ሣር ነው። ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይገመድበታል። ክረምት ላይ እረኛው ዝናቡንና ብርዱን የሚከላከልበት ገሳም የሚሠራው ከእሱ ነው። ታዲያ ሣሩ በዚያ ብርድ ቶሎ አያድግም። በየዓመቱ ቢያጭዱት፣ ከብትም ሳያባራ ቢግጠው ይመናመናል። ስለዚህ ማረፍ አለበት።

ቄሮ የዚህ የማሳረፍ ሕግ ስም ነው። በቅርብ ዓመታት በፖለቲካው ከለመድነው ስም ጋር አይገናኝም። ስርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። አቅኚ አባቶቹ አስቦና ገራ ናቸው። ጓሳም በሁለቱ ስም ተከፍሎ፣ ከእነሱ እወለዳለሁ የሚል ሰው በአጽመ ርስት መብት ይጠቀምበት ነበር። ባለመብቱ ማን እንደሆነ፣ ወሰኑም የት ድረስ እንደሆነ ይታወቃል ማለት ነው።

የአስቦም የገራም ወገን የየራሱን የሜዳ አለቃ፣ አባ ቄራ የሚባለውን፣ ይመርጥ ነበር። አባ ቄራው ከሕዝቡ ጋር መክሮ ሜዳውን ይዘጋል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት፣ አጫጅም ከብትም ዝር አይልም። ሣሩ መድረሱ ሲታይ፣ በበጋ ከብቱ የሚበላው ሲያጣ፣ ይከፈታል። የሚዘጋው ደግሞ ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ነው። ይህ የቀን አመራረጥ ሁሌም ይደንቀኛል። ጾም የሚፈታበትን ቀን የማያውቅ ገበሬ የለም። ስለዚህ “አልሰማሁም” ማለት አያዋጣም።

ጥበቃው በተቀጣሪ ዘበኛ አልነበረም። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ተራው ሲደርስ ወጥቶ ይቃኛል። መቅረትም ሆነ በድብቅ ማጨድ ያስቀጣል። ቅጣቱ ቤት እስከማቃጠል ይደርስ እንደነበር ይነገራል። ይሄኛው ግፍ ነው፤ ዛሬ ማንም እንዲመልሰው አልመኝም። ቅጣት መኖሩና ለሁሉም እኩል መሆኑ ግን ስርዓቱን አቁሞታል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር፣ የጋራ ሀብት ሁሉም እየተሻማበት መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጻፈ። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች ተመራማሪ ግን ሰዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ የጋራ ሀብታቸውን ለዘመናት ጠብቀው መኖር እንደሚችሉ ከብዙ አገር ማስረጃ ሰብስባ አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችውም በዚሁ ሥራዋ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገውንም ዘርዝራለች፦ የታወቀ ወሰን፣ ተጠቃሚው የተስማማበት ደንብ፣ ተቆጣጣሪ፣ ቅጣት። የእሷን ዝርዝር ሳነብ አባ ቄራው ፊቴ ድቅን ይላል።

ሃርዲን የፈራው ነገርም ጓሳ ላይ ደርሷል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ አጽመ ርስት ቀረ፤ ቄሮም አብሮት ፈረሰ። አዋጁ ጭሰኛውን ነፃ ያወጣ ትልቅ ነገር ነበር። ግን ለጓሳ አዲስ ጠባቂ ሳይተካ ነባሩ ተነሳ። ቀድሞ መብት ያልነበረውም ገባ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ተጠቃሚዎቹ ከየቀበሌው ሰው መርጠው የጓሳ ኮሚቴን አቋቋሙ። የመዝጋትና የመክፈቱ ልማድ በአዲስ መልክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ክልሉ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አወቀው።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቆርቆሮ በየገጠሩ እየገባ ነው። ቤቱን በጓሳ የማይከድን ወጣት ለሣሩ ብሎ ብርድ ላይ ተራ ይጠብቃል ወይ? ኅብረተሰቡ ለጎብኚዎች ማረፊያ ሠርቶ ከቱሪዝም ገቢ ለማግኘት መሞከሩ ለዚህ አንድ መልስ ነው። የበጋ ግጦሹም አሁንም ይፈለጋል። ኮሚቴው የሚያወጣው ደንብ እንግዲህ ለአጫጁ ብቻ ሳይሆን ለእረኛውም፣ ለአስጎብኚውም የሚበቃ ድርሻ ማስላት ይኖርበታል።