ስለ ባድ ስፔንሰር በስህተት ስናወራቸው የኖርናቸው ነገሮች

ባለፈው ከሰፈር ልጆች ጋር ቡና እየጠጣን ድሮ ቪዲዮ ቤት ስላየናቸው ፊልሞች ወሬ ተነሳና ሁላችንም ያው ትሪኒቲ የሚባለውን የካውቦይ ፊልም ጠራን፣ ከዛ አንዱ «ያ ወፍራሙ አሜሪካዊ እኮ፣ በኩርኩም የሚጥለው» ብሎ ስለ ባድ ስፔንሰር ሲጀምር እኔ አላስችል አለኝና ጭቅጭቅ ውስጥ ገባን። ቪዲዮ ቤቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ በሩ ላይ የጆንያ መጋረጃ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ስክሪኑ በረዶ በረዶ ሲል ባለቤቱ ካሴቱን ያወጣና የማጫወቻውን ሄድ በአንድ ብር ኖት ጠራርጎ ይመልሰዋል፣ እኛ እስከዛ እናፏጫለን። ባድ ስፔንሰርን ያወቅነው እንደዛ ስለሆነ ያወቅነው ግማሹን ብቻ ነው፣ ሌላውን ግማሽ እኛው ፈጠርነው።

«አሜሪካዊ ነው»

አይደለም። ጣልያን ነው፣ የናፖሊ ልጅ፣ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ካርሎ ፔደርሶሊ፣ የተወለደው ኦክቶበር 31፣ 1929። (አያቴ ጣልያን መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ቪዲዮ ቤት የምሄድበትን ሃምሳ ሳንቲም የሚሰጡኝ አይመስለኝም።) በ1967 የመጀመሪያውን ትልቅ ካውቦይ ፊልም ሲሰራ ፖስተር ላይ የአሜሪካ ስም ቢሆን ይሸጣል ተባለና «ባድ»ን ከባድዋይዘር ቢራ፣ «ስፔንሰር»ን ደግሞ ከሚወደው አክተር ከስፔንሰር ትሬሲ ወስዶ ቀጠለው። ግማሽ ስሙ ቢራ ነው ማለት ነው። አብሮት የሚተውነው ሰማያዊ ዓይኑ ቴረንስ ሂልም ቢሆን ማሪዮ ጂሮቲ ነው ስሙ፣ የቬኒስ ተወላጅ፣ እናቱ ጀርመን። «ቴክሳስ» እያልን ስናየው የነበረው በረሃም ብዙውን ጊዜ ስፔን ውስጥ ያለ አልሜሪያ የሚባል አካባቢ ነው፣ የመጀመሪያው ትሪኒቲ ደግሞ እዛው ጣልያን ተራራ ላይ ነው የተቀረፀው።

«ወፍራም ስለሆነ ነው ፊልም ላይ ያስገቡት፣ ስፖርት ምናምን የት ያውቃል»

እኔ በጣም የምናደደው በዚህ ነው። ሰውየው ዋናተኛ ነበር፣ ያውም እንዴት ያለ! በ1950 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ59.5 ሰከንድ ገብቶ ከአንድ ደቂቃ በታች የዋኘ የመጀመሪያው ጣልያናዊ ሆነ። በ1952 ሄልሲንኪ፣ በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ተወዳድሮ ሁለቱንም ጊዜ ግማሽ ፍፃሜ ደርሷል፣ ዋተር ፖሎም ይጫወት ነበር። የዛን ጊዜ ፎቶውን ብታዩት ያው ሰው ነው ብላችሁ አታምኑም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ፂም የለ ምን የለ። ፊልም ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ አምስት ሰው ተንጠልጥሎበት ድንገት ብድግ ሲል ሁሉም የሚበተኑት ነገር አለ አይደል፣ ጉልበቱ ከቦርጩ የመጣ ይመስለን ነበር፣ ከውሃ ነው የመጣው። ከዛ በፊትና በኋላም ያልሞከረው የለም፣ ብራዚል ሬሲፌ ውስጥ የጣልያን ቆንስላ ቢሮ ሰርቷል፣ ሕግ ተምሯል፣ አውሮፕላን ያበር ነበር፣ በ1981 የአየር መንገድ ድርጅት ሁሉ አቋቁሟል።

ጀርመን የሚኖር ጓደኛዬ የነገረኝንም ልጨምር። ሽቬቢሽ ግሙንድ የምትባል ከተማ አዲስ የመኪና ዋሻ ስታሰራ ለስሙ ሕዝቡ በኢንተርኔት ድምፅ ይስጥ ተባለ፣ ሕዝቡም ቀልዱን ይዞ «የባድ ስፔንሰር ዋሻ» ብሎ ቁጭ። ምክር ቤቱ አፈረና እምቢ አለ፣ ግን ሰውየው በ1951 እዛች ከተማ መጥቶ ዋኝቶ ስለነበር በ2011 የከተማውን መዋኛ ገንዳ በስሙ ሰየሙለት። ለኔ ከዋሻው ገንዳው ይሻላል፣ ቢያንስ ላቡ ያለበት ቦታ ነው።

«ያ ወፍራም ድምፁ ግን...»

ይቅርታ፣ እሱም የሱ አይደለም። የዛን ጊዜ የጣልያን ፊልም ድምፁ የሚቀዳው ከቀረፃው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ አንዱ አክተር ይተውናል ሌላው ይናገርለታል። ጣልያኖቹ ራሳቸው ለብዙ ዓመት በባድ ስፔንሰር አፍ የሰሙት ግላውኮ ኦኖራቶ የሚባል አክተርን ነው፣ እኛ ቪዲዮ ቤት የሰማነው እንግሊዝኛ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ይሄን ሳውቅ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፣ ግን ካሰባችሁት ሰውየው ያሳቀን በድምፁ አልነበረም። ቴረንስ ሂል አጠገቡ ሆኖ ሲለፈልፍ እሱ ዝም ብሎ ዓይኑን ጨፈን፣ በአፍንጫው ተንፈስ፣ በቃ ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

«ከመጀመሪያውም ኮሜዲ ነው የሚሰሩት»

የመጀመሪያዎቹን ካያችሁ ትደነግጣላችሁ። የ1967ቱ «ጎድ ፎርጊቭስ፣ አይ ዶንት» የምር ካውቦይ ነው፣ ሰው ይሞትበታል፣ ፊቱ የሚፈታ ሰው የለበትም። ቴረንስ ሂል ራሱ እዛ ፊልም ላይ የገባው በአጋጣሚ ነው፣ የታሰበው አክተር እግሩን ተሰብሮ። ነገሩ የተቀየረው በ1970 በመጀመሪያው ትሪኒቲ ነው። ከዛ በፊት የጣልያን ካውቦይ አቧራና ሬሳ ነበር፣ ትሪኒቲ ላይ ግን ጀግናው ፈረስ የሚጎትተው ቃሬዛ ላይ ተጋድሞ እንቅልፉን እየለጠጠ ነው የሚመጣው። ከዛ ያ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሲን፣ ቴረንስ ሂል ከነመጥበሻው የቀረበለትን ቦሎቄ በእንጨት ማንኪያ እየዛቀ በዳቦ እየጠረገ መጥበሻውን መስታወት እስኪመስል የሚጨርሰው። እኔ በማግስቱ እናቴን ቦሎቄ ካልተሰራልኝ ብዬ አስቸግሬ ሲቀርብልኝ አልበላሁትም።

«ድብድብ ነው ያስተማረን»

ወላጆች ነበሩ እንደዚህ የሚሉት። አልፈርድባቸውም፣ ከቪዲዮ ቤት ስንወጣ ሁላችንም ቡጢ እየሰነዘርን ነበርና። ግን በደንብ እዩት፣ ከትሪኒቲ ወዲህ ባለው የሁለቱ ድብድብ ደም የሚታየው ስንቴ ነው? ቡጢው ከላይ ወደታች መሃል አናት ላይ ነው የሚያርፈው፣ እኛ ኩርኩም የምንለው፣ አያት ልጅ የሚቀጡበት ዓይነት። የተመታው ሰውዬ ዓይኑን ያዞራል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይወድቃል፣ ቀጥሎ ተነስቶ ሌላ ሊቀበል ይመጣል። እሱ ራሱ መጀመሪያ አይመታም፣ ሰው መጥቶ ጠርሙስ እራሱ ላይ ሰብሮበት እንኳን ምግቡን ይቀጥላል፣ ምግቡን የነኩበት ቀን ግን ወዮላቸው። ናፖሊ ላይ በሰራው የፒየዶኔ ፊልም ፖሊስ ሆኖ እንኳ ሽጉጥ አይዝም።

«ከሁሉም ትሪኒቲ ይበልጣል»

እዚህ ላይ የኔ ሃሳብ ነው፣ ተከራከሩኝ። ለኔ አንደኛ የ1974ቱ «ዋች አውት ዊ አር ማድ» ነው። ታሪኩ ምንም አይደለም፣ ሁለት ሰዎች ውድድር እኩል ገብተው ባለቢጫ ጣሪያ ቀይ መኪና በሽልማት ያገኛሉ፣ ለማን ትሁን የሚለውን ቢራና ቋሊማ በመብላት ውድድር ሊለዩ ተቀምጠው ሳለ ዱርዬዎች መጥተው መኪናዋን ያደቋታል። በቃ ቀሪው ፊልም «መኪናችንን መልሱ» ነው። ፍትህ ብለው አይጮሁም፣ በቀልም አላሉ፣ መኪናዋ ቀይ እንድትሆንና ጣሪያዋ ቢጫ እንዲሆን ብቻ ነው የሚፈልጉት። እዛ ውስጥ ባድ ስፔንሰር የሚዘምርበት ኳየር አለ፣ በልምምዱ መሃል ቅጥረኛ ገዳይ ተደብቆ ጠመንጃ ያነጣጥርበታል፣ እሱ እዛ በወፍራም ድምፅ «ላ ላ ላ» ማለቱን አያቆምም። ከሰው ጋር ሆናችሁ እዩት፣ ብቻችሁን አታባክኑት። መጨረሻው ላይ ደግሞ በፊኛ የተሞላ አዳራሽ ውስጥ ይደባደባሉ፣ ድው ሲል ቡጢው ይሁን ፊኛው አይታወቅም።

«ከቴረንስ ሂል ጋር በገንዘብ ተጣልተው ነው የተለያዩት»

ይሄ ከየት እንደመጣ እንጃ። ከ15 በላይ ፊልም አብረው ሰርተው አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም ይሉ ነበር ሁለቱም። የመጨረሻውን የጋራ ፊልማቸውን በ1994 ዳይሬክት ያደረገው ራሱ ቴረንስ ሂል ነው። በ2010 የጣልያኑን ትልቅ የፊልም ሽልማት፣ ዳቪድ ዲ ዶናቴሎን፣ ለዕድሜ ልክ ስራቸው አንድ ላይ ተቀብለዋል። በነገራችን ላይ ወንድማማች የመሰሏችሁም አላችሁ፣ ትሪኒቲ ላይ ወንድማማች ሆነው ስለሰሩ ነው፣ ዝምድና የላቸውም።

«አክተር አይሞትም»

ቪዲዮ ቤት ውስጥ አክተሩ ተመትቶ ሲወድቅ ትንንሾቹ ሲፈሩ ትልልቆቹ የሚሉት ነበር። ጁን 27፣ 2016 ሮም ውስጥ በ86 ዓመቱ አረፈ፣ ቤተሰቡ አጠገቡ ነበሩ፣ ልጁ ጁሴፔ እንደተናገረው የመጨረሻ ቃሉ «ግራዚየ» ነበር፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ቴረንስ ሂል ስልኩ ሲደወልለት አልሜሪያ ነበር፣ የመጀመሪያውን ፊልም አብረው የሰሩበት በረሃ፣ አዲስ ፊልም ሊሰራ ሄዶ። ያ ፊልም በ2018 ሲወጣ ማስታወሻነቱን ለባድ ስፔንሰር አደረገው።

ይሄን ሁሉ ለልጆቹ ነግሬ ስጨርስ ያ «ወፍራሙ አሜሪካዊ» ብሎ የጀመረው ጓደኛችን ቡናውን ጨልጦ ምን አለ መሰላችሁ፣ «እሺ፣ ግን እንግሊዝኛ ሲያወራ እኮ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ»።