የጦስ ዶሮ ምንድን ነው?

ጦስ ከሰው ላይ እንዲነሳ የሚፈለግ ክፉ ነገር ነው፤ በሽታ፣ መዓት፣ መጥፎ ዕድል። ዶሮዋ በታማሚው ራስ ላይ ትዞራለች፣ ጦሱን ይዛ ትሂድ ተብላ ትጣላለች። ምንም አላደረገችም። አንድን ሰው "የጦስ ዶሮ አደረጉት" ስንል የሌላውን ጥፋት ወይም መከራ አሸከሙት ማለታችን ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ መከራ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የጦስ ዶሮ የሚደረገው መጤው ነው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ካህኑ እጁን በፍየል ራስ ላይ ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዛል፣ ፍየሉም ወደ ምድረ በዳ ይለቀቃል። እዚያ ግን ኃጢአቱ የሕዝቡ እንደሆነ ጮክ ተብሎ ይነገራል። በትንሽ ከተማ መጤ ላይ ጣት ሲቀሰር ይህ ኑዛዜ የለም። ሁሉም ከልቡ "እሱ ነው ያመጣብን" ይላል።

ለምን መጤው? ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ የተሳሰረ ነው። ጥፋተኛው የአክስትህ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ነገ ገንዘብ የምትበደረው ሰው። እሱን ብትከስ ነገ ለቅሶ ላይ ትገናኛላችሁ። ፀጉረ ልውጡን መክሰስ ግን ምንም አያስከፍልም። አጎት የለው፣ የሚጮህለት ጎረቤት የለው። የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ይመስለኛል። መጀመሪያ ጠያቂ የሌለው ሰው ይመረጣል፤ ጥርጣሬው ኋላ ይደርሳል። አንዳንዴ መከራው ራሱ ኋላ ይደርሳል። በ1349 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዛሬዋ ፈረንሳይ በስትራስቡርግ ከተማ አይሁዶች "የውሃ ጉድጓድ መርዘው ወረርሽኝ አመጡ" ተብለው በእሳት ተቃጠሉ። ወረርሽኙ ገና ከተማዋ አልገባም ነበር።

መሬቱን ቀድሞ የሚያለሰልሰው ጭፍን ጥላቻ ነው። የሰፈር ልጅ ሲሰርቅ "ሰይጣን አሳስቶት ነው" ይባላል። የመጤ ልጅ ሲሰርቅ "ድሮስ እነሱ!" በዚህች "እነሱ" ውስጥ ያልሰረቀው ሁሉ ተከሷል።

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በሴለም መንደር በ1692 የሆነውን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። መንደርተኛው አስቀድሞ እርስ በርሱ የተጣላ ነበር፤ በአካባቢውም ጦርነት ነበረ። ሁለት ሕፃናት ምክንያቱ ያልታወቀ መንቀጥቀጥ ያዛቸው። "ጠንቋይ ናቸው" ተብለው መጀመሪያ የተያዙት ሦስት ሴቶች ናቸው። ቲቱባ የቄሱ ባሪያ፣ ሣራ ኦዝበርን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆመች፣ ሣራ ጉድ ደግሞ ልጇን ይዛ በየደጃፉ የምትለምን ድሃ።

ሣራ ጉድን "ከቄሱ ቤት ስትወጪ ለምን አጉረመረምሽ?" ብለው ጠየቋት። "አላጉረመረምኩም፤ ለልጄ ስለሰጠኝ አመሰገንኩት" አለች። የራሷ ባል ሳይቀር መሰከረባት።

ነገሩ ግን ዳር በተገፉት ላይ አልቆመም። የዚያው ዓመት ጁላይ 19 ሣራ ጉድ ስትሰቀል፣ አብራት የተሰቀለችው ሪቤካ ነርስ የ71 ዓመት የተከበረች እናት ነበረች። ጎረቤቶቿ ፈርመው ጥሩ ሴት ናት ብለው ነበር። አልጠቀማትም። ሰው ያለ ማስረጃ መክሰስ ከተለመደ ወዲያ ወገን ያለውም አይድንም። በዚያ ዓመት በጠቅላላው 19 ሰው ተሰቀለ።

የሣራ ሕፃን እስር ቤት ሞተ። ከ4 ወይም ከ5 ዓመት የማትበልጠው ትልቋ ልጇም ተከሳ በሰንሰለት ታሰረች። ከ18 ዓመት በኋላ አባትየው ለመንግሥት ካሳ ሲጠይቅ፣ ልጅቷ በዚያ እስር ከደረሰባት ድንጋጤ የተነሳ ራሷን የምትመራበት አእምሮ እንዳልቀረላት ጻፈ። ያኔ በእናቷ ላይ የመሰከረው እሱ ራሱ ነው።