ያበራ ዘንግ ሁሉ የጠነከረ አይደለም

አዳማ ቶርኖ ቤት ዘንግ ሲያስቀርጹ መጨረሻ ላይ የሚሆነው የታወቀ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ዘይት ይነከርና የሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ይጠቀለላል፣ ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል፣ ከዚያ «በፍትጊያ አጠንክሬልሃለሁ» ይባላል። አልጠነከረም። ለዚህ ተብሎ የተጨመረ ብር ካለ ይመለስ።

የብርጭቆ ወረቀት ይልጣል እንጂ አይጫንም። የሚንጠባጠበውን ዘይት ጣት ላይ አሸት አድርጉት፦ ጠቁሯል፣ ይቆረቁራል። የተላጠው ብረትና የወረቀቱ አሸዋ ነው። ከአሸዋው ጥቂቱ ዘንጉ ላይ ተሰክቶ ይቀርና ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳያፈስ የሚከለክለውን ጎማ) ቀስ እያለ ይበላዋል።

የብረትን ቆዳ፣ ማለትም የላይኛውን ገጽ፣ በፍትጊያ ማጠንከር ሌላ ሥራ ነው። ከዘንጉ የሚጠነክር ኳስ ወይም ሮለር በኃይል ሲጫነው የቶርኖው ቢላ ትቶት የሄደው ጉብታ ወደ ጎድጓዳው ይተኛል። ፍርፋሪ የለም። ቆዳው በቀዝቃዛው ስለታመቀ ይጠነክራል፣ ስንጥቅም ቶሎ አይጀምረውም። ጥልቀቱ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ በታች ነው።

መካከለኛ ካርቦን ያለው፣ በእሳት ያልጠነከረ የ40 ሚሊ የፓምፕ ዘንግ እንውሰድ። በተሳለ ቢላ እኩል ይቀረጻል። መጫኑ ስለሚያሳንሰው ከልኩ ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊ ይተረፍለታል፤ ይህ ከብረት ብረት ስለሚለያይ አስቀድሞ ቁራጭ ላይ ተሞክሮ በማይክሮሜትር ይለካል። ከኩሽኔታ የወጣ ጭረት የሌለው የ10 ሚሊ ኳስ፣ በነፃ በሚዞርበትና ከኋላው ሞላ ባለው መያዣ ሆኖ በቢላው ቦታ ይታሰራል። ሞላ ከሌለ ዘንጉ ትንሽ ሲወላገድ አንዱ ጎን ይደቆሳል፣ ሌላው ሳይነካ ያልፋል። ዙሩ በደቂቃ 300፣ የኳሱ ጉዞ በዙር 0.1 ሚሊ፣ ቀጭን ዘይት ሳይቋረጥ። ረጅም ዘንግ ጫፉ ካልተደገፈ ይጎብጣል። የአዳማን አቧራ ደግሞ አትናቁት፦ ነፋስ ያመጣት አንዲት አሸዋ ኳሱ ሥር ከገባች ዘንጉን ዙሪያውን ትፍቀዋለች። ዘይቱ በጨርቅ ይጣራ፣ በሩም ገርበብ ይበል።

ስለዚህ ሥራ የሚባሉትን ደግሞ አንድ በአንድ እንያቸው። «ደጋግመህ ካስኬድከው ይብስ ይጠነክራል።» አንድ ምልልስ ይበቃል፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ በኋላ ቆዳው የመተኛት አቅሙን ይጨርስና እንደ ሽንኩርት ይላጣል።

«የተበላ የኩሽኔታ ቦታ ይሞላል።» ያሳንሰዋል ተባለ እኮ!

«ሰማያዊ ከሆነ ጠንክሯል።» ተቃራኒው ነው። በተወለወለ ብረት ላይ ሰማያዊው የሚወጣው 300 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የጠነከረ የካርቦን ብረት መሮ ሲሳል እዚያ ከደረሰ ጫፉ ለስልሷል። የፍትጊያ ሙቀት የሚያጠነክረው ቆዳው ከ727 ዲግሪ በላይ ግሎ ወዲያው ሲቀዘቅዝ፣ ካርቦኑም 0.3 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ለዚህ በሰከንድ ብዙ አሥር ሜትር የሚፈተግ ዲስክ ያስፈልጋል። ላሜራ ቢግል እንኳን ካርቦኑ አይበቃውም።

«አሉሚኒየምም በፍትጊያ ይጠነክራል።» እንደ አሉሚኒየሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እንግሊዝ ውስጥ ለብየዳ የተፈጠረው ዘዴ የሚሽከረከር ዘንግ አስገብቶ ብረቱን ሳያቀልጥ ያማስላል። እንደ ቴስታታ (የሞተር ራስ) ያለ ቀልጦ የፈሰሰ አሉሚኒየም ይጠቀማል፤ በውስጡ ያለው ሲሊከን ይደቃል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። በሙቀት የጠነከረ 6061 የሚባለው የአሉሚኒየም ዓይነት ግን የተማሰለበት ቦታ ላይ ይለሰልሳል። በእጅ ድሪል እሞክራለሁ የሚል ካለ፣ ሥራው የሚፈልገው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ጫና ነው።

«ሞረድ ካልነካው ጠንክሯል፣ ከነካው ተጭበርብረሃል።» በኳስ የተጫነ ዘንግን ሞረድ ይነካዋል፣ መንካትም አለበት። ሞረድ የሚያንሸራትተው በጥንካሬ መለኪያው 60 ሮክዌል አካባቢ ነው፤ ኳስ ለስላሳ ብረትን እዚያ አያደርሰውም። የካምቢዮ ጥርስ ያን ያህል ጥንካሬ ስለሚፈልግ ምድጃ ይግባ። ከምድጃ የወጣውን ዘንግ መጫን ያሰበ ደግሞ ጫፉ አልማዝ የሆነ መጫኛ ይያዝ፤ የኩሽኔታ ኳስ ጥንካሬው ከዘንጉ እኩል ስለሚሆን ራሱ ይበላሻል።