«ከራሱ አካል የወጣ ዝገት»፦ የጃፓን ጎራዴ ያወረሰው አባባል

ጃፓኖች አንድ ሰው በገዛ ሥራው ጣጣ ውስጥ ሲገባ «ሚ ካራ ዴታ ሳቢ» ይላሉ፤ «ከራሱ አካል የወጣ ዝገት ነው» ማለታቸው ነው። ባልደረቦቹን ሲያዋርድ የኖረ አለቃ በቸገረው ቀን አጠገቡ የሚቆም ቢያጣ፣ ደጋግሞ ሲዋሽ የኖረ ሰው እውነት በተናገረ ቀን የሚያምነው ባያገኝ፣ በእኛ ዘንድ «የእጁን አገኘ» በሚባልበት ቦታ ሁሉ ይህ አባባል ይነገራል። ጥፋቱን አምኖ የተቀበለ ሰው ስለ ራሱም ይናገረዋል። ሆኖም አባባሉን በዚህ አጠቃላይ ፍቺ ብቻ የሚያውቅ ሰው ክብደቱን አያገኘውም፤ ዝገቱ የጎራዴ ዝገት መሆኑን፣ ጎራዴውም እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ሚ» በጃፓንኛ የሰው አካል ወይም የሰውየው ማንነት ሲሆን፣ ከአፎቱና ከእጀታው ተለይቶ የሚታየው የጎራዴ ስለትም በዚሁ ስም ይጠራል፤ አባባሉ ባለቤቱንና መሣሪያውን አንድ ላይ የሚዳኘው በዚህ ምክንያት ነው። በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) «ኢሮሃ ካሩታ» የተባለ፣ እያንዳንዱ ካርታ በአንድ ፊደል የሚጀምር ምሳሌ የያዘበት ጨዋታ ነበር፤ በኤዶ ከተማ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ በተለመደው የጨዋታው ዓይነት «ሚ» ለሚለው ፊደል የተመረጠው ይኸው አባባል ነው። ጎራዴ ታጥቆ የማያውቀው የነጋዴና የእጅ ባለሙያ ልጅ ሳይቀር በቃሉ የያዘው በዚህ መንገድ ነበር። በዚያ ዘመን ረጅምና አጭር ሁለት ጎራዴ አጣምሮ መታጠቅ የሳሙራይ መደብ መለያ ስለነበረ፣ በሳሙራይ ወገብ ላይ ያለ ጎራዴ መዛግ ባለቤቱ ግዴታውን ለመዘንጋቱ ምስክር ተደርጎ ይታይ ነበር።

ይህ ብረት ለምን ይዝጋል? ባህላዊው ጎራዴ የሚሠራው «ታማሃጋኔ» ከተባለ አረብ ብረት ሲሆን፣ እርሱም የሚገኘው «ታታራ» በሚባል የጭቃ ምድጃ ውስጥ የብረት አሸዋና የእንጨት ከሰል ለሦስት ቀንና ሌሊት ያህል ሳያቋርጥ እየተጨመረ ነው፤ በሺማኔ ክፍለ አገር በኦኩኢዙሞ የሚገኘው ታታራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንደገና ሥራ ጀምሮ ዛሬም ለጎራዴ ቀጥቃጮች ብረት ያቀርባል። ቀጥቃጩ ይህን ብረት እያጋለና እየቀጠቀጠ ደጋግሞ ያጥፈዋል፤ ቆሻሻው ይወጣል፣ በውስጡ ያለው ካርቦንም እኩል ይሰራጫል። ከዚያም ብዙውን ጊዜ ጠንካራውን ብረት ከውጭ፣ ለስላሳውን ከውስጥ አድርጎ ያዋህዳቸዋል። በመጨረሻም ጀርባውን ወፍራም፣ ስለቱን ስስ ጭቃ ቀብቶ ያግለውና ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ስለቱ በቅጽበት ቀዝቅዞ እጅግ ሲጠነክር ጀርባው ግን ዝግ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለስለስ ብሎ ይቀራል፤ ጎራዴው ይበልጥ ቆልመም የሚለው፣ ሰብሳቢዎች «ሃሞን» የሚሉት ነጣ ያለ የስለት መስመርም የሚወለደው በዚያች ቅጽበት ነው። ይህ ሁሉ ድካም የሚፈስበት ብረት ግን ከዝገት የሚከላከል ክሮሚየም የለበትም። የጣት ላብና የአየር እርጥበት ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ስለት የሚሰጠው ንጹሕ የካርቦን ብረትና የሚዝገው ብረት አንድ ናቸው፤ አባባሉ «ከአካሉ የወጣ» ሲል የሚናገረው ቃል በቃል እውነት ነው፤ እርጥበቱ ከውጭ ይምጣ እንጂ ወደ ዝገት የሚለወጠው የጎራዴው የራሱ ብረት ነው።

በጎራዴው ዙሪያ ያሉት ዕቃዎች ብዙዎቹ ይህን ጠላት በማሰብ የተሠሩ መሆናቸውን ጀማሪ ሰብሳቢዎች ዘግይተው ነው የሚያስተውሉት፤ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው በወርቅና በመዳብ ባጌጠው የእጅ መከላከያ፣ በ«ትሱባ»ው ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚደነቀው «ሃባኪ» የተባለው ትንሽ የመዳብ ቀለበት ነው። ከስለቱ ሥር ተገጥሞ የአፎቱን አፍ አጥብቆ ይይዛል፤ ጎራዴውም በአፎቱ ውስጥ እንጨቱን ሳይነካ ተንጠልጥሎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። አፎቱ የሚፈለፈለው ለዚያ ጎራዴ ብቻ ተለክቶ ነው፤ እንጨቱም ለስላሳና ሙጫው ትንሽ የሆነ የጃፓን ማግኖሊያ ነው። ለመታጠቂያ የሚያገለግለው ያጌጠ አፎት በቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ጎራዴ ስለማይመች፣ ጎራዴው «ሺራሳያ» በሚባል ቅብ በሌለው የእንጨት አፎት ውስጥ ያርፋል። ሁለቱ የአፎቱ ገጾች የሚጣበቁት በሩዝ ሙጫ በመሆኑ፣ ውስጡ ዝገት ወይም አቧራ ከያዘ እንጨቱ ሳይጎዳ ተከፍቶ ይጸዳል።

ባለቤቱም የየጊዜው ድርሻ አለበት። የቆየው ዘይት በለስላሳ ወረቀት ይጠረጋል፣ ከመሳያ ድንጋይ የተገኘ ልም ዱቄት በጥቂቱ ይነሰነስበትና ይጠረጋል፣ ከዚያም በልማድ በቅርንፉድ መዓዛ የሚታወቀው ዘይት በስሱ ይቀባል። ስለቱን በባዶ ጣት መንካት ነውር ነው፤ የትንፋሽ ጠብታ እንዳያርፍበትም በላዩ ላይ አይወራም።

ይህ አባባል ዝገትን እንደ ውርደት ቢያይም፣ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚጠብቁት አንድ ዝገት አለ። በእጀታው ውስጥ የሚገባውና በቀርከሃ ችንካር የሚያዘው የጎራዴው ጅራት፣ «ናካጎ»፣ ፈጽሞ አይወለወልም። የቀጥቃጩ ስም የሚቀረጸው እዚያ ላይ ሲሆን፣ በዘመናት የጠቆረው ዝገቱ የጎራዴውን ዕድሜ ለመገመትና ስሙ እውነተኛ መሆኑን ለመመርመር ያገለግላል፤ አዲስ ስም በአሮጌ ጅራት ላይ ሲቀረጽ ዝገቱ በጭረቶቹ ውስጥና በዙሪያቸው አንድ ዓይነት አይሆንም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በወታደሮች ሻንጣ ከጃፓን የወጡ ጎራዴዎች ወራሾች፣ አያታቸው ያመጡትን ለማሳመር ብለው ይህን ጅራት በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁበት ጊዜ አለ፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጠፋው ማስረጃ በምንም አይተካምና።

ስለቱ ላይ የወጣው ዝገት ግን መጥፋት አለበት፤ ይህንንም የሚያደርገው ባለቤቱ ሳይሆን «ቶጊሺ» የተባለው የመሳል ባለሙያ ነው። ከሻካራ ድንጋይ ጀምሮ እጅግ ልም እስከሆነው ድረስ በተርታ እያለፈ፣ ለሳምንታት ይሠራል፤ የጎራዴውን ቅርጽ፣ በብረቱ ገጽ ላይ የሚታየውን ንድፍና የሃሞኑን መስመር መልሶ ያወጣል። ነገር ግን ዝገትን የሚያነሳው ብረት በማንሳት ነው። ዝገቱ ጠልቆ ጉድጓድ ከሠራ፣ ባለሙያው በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ብረት ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ወለል ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል፤ ይህም በተደጋገመ ቁጥር ጠንካራው የውጭ ሽፋን እየሳሳ ሄዶ፣ አንድ ቀን ለስላሳው የውስጥ ብረት በጎኑ ላይ ብቅ ይላል። እንዲህ ያለውን ጎራዴ የሙያው ሰዎች «የደከመ» ይሉታል፤ ከዚያ ወዲያ የትኛውም ድንጋይ፣ የትኛውም እጅ የጠፋውን ሽፋን አይመልስለትም።